የሕክምና ቡድን መርተው ወደ አገር ቤት ሲሄዱ

በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በዳላስ፣ በአትላንታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች በተገናኙ ቁጥር የሚነሣ ሐሳብ አለ፦ «የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስደን፣ ዕቃ አሰባስበን፣ አገር ቤት ገብተን ለምን አናክምም?» ሐሳቡን የሚጠላ የለም። ገንዘብ ይዋጣል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይጸልያል፤ ከዚያ አንዱ ላይ ጣት ይቀሰርና «አንተ ምራን» ይባላል። ይህ ጽሑፍ ጣት ለተቀሰረበት ሰው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የመሪው ዋና ሥራ ማስተባበር ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ዋና ሥራው መከልከል ነው እላለሁ። ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን መድኃኒት፣ በመጨረሻው ቀን የሚጨመረውን ኦፕራሲዮን፣ ሰልፍ አልፎ የሚመጣውን የአክስት ልጅ «አይሆንም» የሚል ሰው ከሌለ፣ ቡድኑ በቅን ልብ ሄዶ ጉዳት ትቶ ይመለሳል። ይህን ቃል በሰዓቱ ለመናገር አስቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከጉዞው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይጀመር።

ደረጃ 1፦ ጥያቄው ከሆስፒታሉ ይምጣ

ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ደውለው «ምን እናምጣላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፦ «ያላችሁን፣ የተመቻችሁን።» እንግዳ ያመጣውን ማማረጥ ነውር ስለሆነ የማያስፈልገውንም አመስግነው ይቀበላሉ። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ባለፉት ስድስት ወራት ከአቅማችን በላይ ነው ብላችሁ ሪፈር የጻፋችሁት በምን በምን በሽታ ነው? ቀጠሮ የሚጠብቁትስ እነማን ናቸው? ኦፕሬሽን ክፍሉ ሥራ የሚያቆመው በሰው እጥረት ነው፣ በማደንዘዣ ነው፣ በኦክሲጅን ነው ወይስ በመብራት? የእርስዎ ቡድን የሚጠቅምበት ቦታ ከነዚህ መልሶች ውስጥ ይወጣል።

ዳይሬክተሩን ብቻ አነጋግረው አያብቁ። ማትሮኗ፣ የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ፋርማሲስቱና የባዮሜዲካል ባለሙያው ሌላ ሰው የማያውቀውን ያውቃሉ። በቢሮ «አውቶክሌቩ ደህና ነው» የተባለው፣ ባዮሜዲካሉ ጋ ሲደወል «ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል» ሊሆን ይችላል። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ስልክዎን የሚያነሣው ሰው ያን ሁሉ ተሸክሞ ነውና ጥያቄዎን አዘጋጅተው፣ አጭር አድርገው ይደውሉ።

መልሱን ካገኙ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሥራ ብቻ ይምረጡ። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገቡት የአዋላጆች ማሠልጠኛ ለማቋቋም በሦስት ዓመት ውል ነበር፤ የፌስቱላ ሆስፒታላቸውን የከፈቱት በ1974 ነው። አንድ በሽታ ይዘው ዕድሜያቸውን ጨረሱበት። ሁለት ሳምንት ብቻ ያለው ቡድን የዓይን፣ የጥርስ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናትና የቆዳ ክፍል በአንድ ጊዜ እከፍታለሁ ሲል ግን ከሕክምናው ይልቅ ፎቶግራፉን እያሰበ ይመስለኛል።

ደረጃ 2፦ ቀኑን በአገር ቤት አቆጣጠር ይቁረጡ

የዲያስፖራው ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወድቃል። ያ ወቅት ክረምት ነው፤ የገጠር መንገድ ይቆረጣል፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ኦፕራሲዮን ሆኖ ለመተኛት ጊዜ የለውም። ሰኔ መጨረሻ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች በጀት ይዘጋሉ፤ ፊርማ የሚፈልግ ወረቀት በዚያ ሳምንት አይንቀሳቀስም። ሰሙነ ሕማማትን፣ የጥምቀትን ሳምንትና የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ከአካባቢው ሰው ጋር ሆነው አይተው ይዝለሉ። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላና ከጥምቀት ማግስት ያሉት ሳምንታት ብዙ ጊዜ ይመቻሉ።

ሌላው ጥያቄ የጸጥታው ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በመኪና የሚኬድ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ ከዜና ብቻ አይስሙ፤ በየሳምንቱ ያን መንገድ የሚመላለሰውን የአምቡላንስ ሹፌር ይጠይቁ። ጉዞው የሚሰረዝበት ሁኔታ ምን እንደሆነና ማን እንደሚወስን ትኬት ሳይቆረጥ ይጻፍ።

ደረጃ 3፦ ወረቀት

ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ አገር ቤት ይገባል፤ ካርዱ ግን ሕመምተኛ የማየት መብት አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ሐኪም፣ ነርስና የማደንዘዣ ባለሙያ ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። በተለምዶ የሚጠየቁት የትምህርት ማስረጃ፣ ያላለፈበት የሥራ ፈቃድ፣ ፈቃዱን ከሰጠው አካል ባለሙያው በጥሩ አቋም ላይ እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የፓስፖርት ቅጂና የተቀባዩ ሆስፒታል ግብዣ ናቸው። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ከጤና ሚኒስቴርና ከክልሉ ጤና ቢሮ በሆስፒታሉ በኩል በጽሑፍ ይቀበሉ። የጥሩ አቋም ደብዳቤ ከአሜሪካ ስቴት ቦርድ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ስድስት ወር ሲቀር ይጠየቅ። ኢትዮጵያዊ ያልሆኑት ደግሞ የቪዛቸው ዓይነት ከሚሠሩት ሥራ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ባለሙያው አሜሪካ ውስጥ ያለው የሙያ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ድንበር አይሻገርም። የጉዞና የድንገተኛ ሕክምና ኢንሹራንስም ለየብቻ ይገዛል።

ደረጃ 4፦ ሰው መምረጥ

ዶክተር በዝቶ ነርስ ያነሰበት ቡድን ቆሞ ይውላል። የቀዶ ሕክምና ቡድን አቅም የሚለካው በሰርጅኖቹ ብዛት ሳይሆን በማደንዘዣ ባለሙያዎቹና ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመምተኛውን በሚጠብቁት ነርሶች ነው። አንድ የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ማግኘት ከቻሉ አራተኛውን ሰርጅን ይተዉት።

ለተማሪዎችና ለጀማሪዎች ሕጉ አንድ ነው፦ እዚህ ያልተፈቀደለትን እዚያ አይሠራም። ድሀ አገር የልምምድ ሜዳ አይደለም፤ ይህንን በግልጽ ተናግረው ያስፈርሙ። እርስዎም መሪ ከሆኑ ዋና ሰርጅን አይሁኑ። ጓንት አጥልቆ የቆመ ሰው የጉምሩክ ስልክ ማንሣት አይችልም። ሙሉ ሥልጣን ያለው ምክትልም ይሰይሙ፤ መሪም ይታመማል።

ቡድኑ ከቤተ ክርስቲያን የተነሣ ከሆነ ሌላ ስምምነት ይጨመር። ጸሎት ለፈለገ ይጸለይለት፤ ሕክምናው ግን ከጸሎቱ ጋር አይታሰር፤ ሙስሊሙም፣ የሌላ ቤተ እምነት ሰውም ሳይሳቀቅ ታክሞ ይሂድ።

የገንዘብ ነገርም እዚህ ይፈታ። ቡድኑ እስከ ማታ ከሠራ የሆስፒታሉ ነርሶችና የጽዳት ሠራተኞችም አብረው ያመሻሉ። የትርፍ ሰዓት ወይም የአበል ክፍያ ይኑር አይኑር፣ ካለ በማን በኩል እንደሚከፈል ከአስተዳደሩ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ይለቅ። ለአንዱ በኪስ የሚሰጥ ዶላር ለቀሪው ቅሬታ ነው።

ደረጃ 5፦ የትኛው በሽታ ይታከም፣ የትኛው ይቅር?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ይስጡበት የምለው ይህንን ነው።

እንቅርትን እንውሰድ። በደጋው አገር የተለመደ ነው፤ አንገቷ ላይ እንቅርት ያደገባት እናት ቡድን መጣ ሲባል ከሩቅ ቀበሌ ትመጣለች። ሰርጅኑ ጎበዝ ነው፣ በሁለት ሰዓት ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ይሰፋል፣ ፎቶውም ያምራል። አሁን ቀጣዩን ይቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አንገት ውስጥ ደም ከቋጠረ የመተንፈሻ ቱቦዋን ይጫናል፤ ሌሊት ስፌቱን በጥሶ የሚከፍት ሰው አጠገቧ መኖር አለበት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ካልሲየም ሊወርድ ይችላል፤ ከንፈሯ ዙሪያ ይደነዝዛታል፣ ጣቶቿ ይኮማተራሉ። ነርሷ ምልክቱን ካላወቀችና የደም ሥር ካልሲየም ከሌለ አደጋ ነው። ይህን ሁሉ ብታልፍም ዕጢው ሙሉ በሙሉ ስለወጣ ዕድሜዋን ሙሉ በየቀኑ ሌቮታይሮክሲን መዋጥ አለባት። ያ ክኒን በወረዳዋ ፋርማሲ ይገኛል? ዋጋውስ? የሆርሞን ምርመራውን የሚሠራ ላብራቶሪ የት ነው? መልሶቹ ከሌሉ ኦፕራሲዮኑ ያማረ ቢሆንም ሴትዮዋ ተጎድታለች። ወይ ከፊሉ ብቻ የሚወጣላቸው ሕሙማን ይመረጣሉ፣ ወይ ሥራው ለሪፈራል ሆስፒታል ይተዋል።

ይህንኑ ጥያቄ ለእያንዳንዱ የሕክምና ዓይነት ይጠይቁ፦ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ቢበላሽ እዚሁ የሚያስተካክለው ማን ነው? ያልተወሳሰበ ኸርኒያ ብዙ ጊዜ ፈተናውን ያልፋል፤ በአካባቢው ያለው ሰርጅን ወይም የቀዶ ሕክምና ኦፊሰር ችግሩን ያውቀዋል። የዓይን ሞራም የዓይን ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል ያልፋል። ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ የሚላክበት እባጭ ግን የሚያልፈው ውጤቱን ተቀብሎ ለሕመምተኛው የሚነግር ሰው በስም ከታወቀ ብቻ ነው። ውጤቱ ሲመጣ እናንተ ሜሪላንድ ናችሁ።

ተመላላሽ ክፍል ለሚሠሩትም እንዲሁ ነው። ለደም ግፊት አሜሪካ ብቻ የሚገኝ ክኒን የአንድ ወር ሰጥቶ መሄድ ሕመምተኛውን ከነበረበት መድኃኒት ማፈናቀል ነው። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አገር ቤት አሉ፤ በነሱ ይጀመር፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ጤና ጣቢያው ይቀጥለው።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ሁለት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ ይሁን፦ የምንሠራው፣ የማንሠራው። ሜዲካል ዳይሬክተሩና እርስዎ ይፈርሙበት።

ደረጃ 6፦ መድኃኒትና ዕቃ

መድኃኒት በሻንጣ ይዞ መግባት የብዙ ቡድን መሰናከያ ነው። ማስገቢያ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ቦሌ ላይ ቆሞ «ለድሆች ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም። የእያንዳንዱ መድኃኒት ጀነሪክ ስም፣ ጥንካሬ፣ ብዛት፣ የባች ቁጥር፣ አምራችና የማብቂያ ቀን በሰንጠረዥ ይዘጋጅ፤ ከስጦታ ደብዳቤውና ከሆስፒታሉ የመቀበያ ደብዳቤ ጋር ወራት ቀደም ብሎ ይላክ። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ፣ መድኃኒቱ ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት የቀረው እንዲሆን ይጠይቃል። ከሕሙማን የተመለሰና ለሐኪሞች በነጻ የታደለ ናሙናም አይላክም። «ሁለት ወር ይቀረዋል፣ እንደርስበታለን» የሚል ለጋሽ ይመጣል፤ ያመስግኑትና ይመልሱት። አገር ቤት የደረሰ ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ማስወገጃ ወጪ ይጠይቃል፤ ያንን ወጪ የሚሸከመው ሆስፒታሉ ነው።

ኬታሚን፣ ፈንታኒል፣ ፔቲዲን፣ ዲያዜፓምና የመሳሰሉት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ ማንም በኪሱም በሻንጣውም አይያዝ። በሆስፒታሉ ፋርማሲ በኩል ይዘጋጁ። እንዲያውም የሚቻለውን ሁሉ አገር ውስጥ ይግዙ፤ ወረቀቱ ይቀላል፣ ባለሙያዎቹም መድኃኒቱን ያውቁታል።

ማሽን ሲሆን መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ይሠራል፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የሶኬት መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፤ ማሽኑ ሁለቱንም የማይቀበል ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጭስ ይወጣል። ፍጆታው አገር ቤት የማይገኝ ማሽንም አይውሰዱ። ልዩ ካርትሪጅ የሚበላ የላብራቶሪ ማሽን ካርትሪጁ ያለቀ ዕለት የመደርደሪያ ማስጌጫ ነው።

ከፍታውም አይረሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍ ትላለች። ውሃ በዚህ ከፍታ ከ100 ዲግሪ በጣም ቀድሞ ስለሚፈላ፣ ዕቃ በመቀቀል ማምከን አይታሰብ፤ የአውቶክሌቩም ግፊት ለከፍታው መስተካከል አለበት። ይህን የአካባቢው ባዮሜዲካል ያውቃል፤ ከባልቲሞር የመጣው ነርስ ላያውቅ ይችላል።

ሻንጣን በተመለከተ፦ ከአሜሪካ ለአንድ ተሳፋሪ የሚፈቀደው በተለምዶ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው የግል ልብሱን በእጅ ሻንጣ ቢይዝ ለሥራው 552 ኪሎ ይተርፋል። ሻንጣዎቹን ቁጥር ይስጧቸው፤ በየክዳናቸው ውስጥ ዝርዝር ይለጥፉ። አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ሻንጣ አይጠቃለል፤ ክሩ ሁሉ ያለበት ሻንጣ ቢቀር ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ደረጃ 7፦ ቡድኑን ማሠልጠን

ክትባትና የወባ መከላከያ ለጉዞ ሐኪም የሚተው ነው፤ ስምንት ሳምንት ሲቀር ይሂዱ። መርፌ ለወጋው ሰው ግን ዕቅዱ በእርስዎ እጅ ይሁን፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሆስፒታሉ ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ በሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ።

ሰዓት ላይ ልምምድ ያድርጉ፤ በተለይ እዚህ ተወልደው ያደጉትን። «8:00» ተብሎ የተጻፈበት የመድኃኒት ከረጢት ለጠዋት ታስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሕመምተኛው ግን ከቀትር በኋላ ይውጠዋል። ከረጢቱ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ ለማያነብ ፀሐይና ጨረቃ ይሣልለት። ጾም ላይ ያለ ሰው ከምግብ ጋር የሚዋጥ መድኃኒት ሲታዘዝለት ዝም ብሎ ተቀብሎ ላይወስደው ይችላል፤ ስለዚህ ይጠየቅ። አካባቢው አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ከሆነ በአማርኛ እንግባባለን ብሎ መተማመን አይገባም፤ አስተርጓሚ በበጀት ይያዝ።

አንድ ቁጥርም ያስተምሩ። ባሕር ዳርቻ ከተማ የሠራ ነርስ የኦክሲጅን መለኪያው 93 ሲያሳይ ይደነግጣል። በደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ቁጥር የተለመደ ሊሆን ስለሚችል፣ የጤነኛ ሠራተኞችን ንባብ በመጀመሪያው ቀን ወስዶ መነሻ ማድረግ ያለውን ሲሊንደር ከብክነት ያድናል።

ደረጃ 8፦ ሰልፉና ዘመድ

«የአሜሪካ ሐኪሞች መጡ» የሚል ወሬ ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል። በድምፅ ማጉያ ከታወጀ ደግሞ ግቢው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ ይሞላል፤ ሁለት ቀን በእግርና በመኪና የመጣ ሰው ሳይታይ ይመለሳል። ማስታወቂያው ጠባብ ይሁን፤ ሆስፒታሉ ከቀጠሮ መዝገቡ አስቀድሞ ይለይ፣ በስልክ ይጥራ፣ ካርድ ክፍሉ ቁጥር ይስጥ።

ከዚያ ዘመድ ይመጣል። የነርሷ አጎት፣ የሰርጅኑ የክርስትና አባት፣ የዞኑ ኃላፊ ባለቤት፣ የእርስዎም አብሮ አደግ። ስልኩ ማታ ማታ ይጮኻል፦ «አንተ እያለህ እኔ ልሰለፍ?» ይህን በዕለቱ የሚቋቋም ሐበሻ አላየሁም። ስለዚህ በዕለቱ ለመቋቋም አይሞክሩ፤ ሥልጣኑን አስቀድመው ለሌላ ይስጡ። የሕሙማንን ቅደም ተከተል የምትወስነው የሆስፒታሉ ማትሮን ትሁን፣ ከቡድኑ ማንም ስም እንዳያስገባ ይስማሙ፤ ለደወለው ሁሉ መልሱ አንድ ይሁን፦ «ዝርዝሩ በእኛ እጅ አይደለም፣ እማማን አምጥተህ ካርድ አውጣ።» ቅር የሚለው ይኖራል። ከሰልፉ የተገፋችው ሴት ቅሬታ ግን ለማንም አይደወልም።

ደረጃ 9፦ የሥራ ቀናት

የመጀመሪያው ቀን ኦፕራሲዮን አይሠራበት። ዕቃ ይቆጠር፣ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ይታይ፣ የኦክሲጅን ሲሊንደሮቹ ይፈተሹ፣ ደም ባንክ ምን እንዳለው ይጠየቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ሦስት ጊዜ ቆም ማለትን ይጠይቃል፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቅደድ በፊት፣ ከክፍሉ ከመውጣት በፊት። ጮክ ብሎ የሚያነበው የሆስፒታሉ ነርስ ይሁን፤ እንግዶቹ ይመልሱ። ለሰርጅን «ቆይ» የማለት ልምድ ከእናንተ በኋላም ይቀራል።

በእያንዳንዱ ጠረጴዛ የአካባቢው ባለሙያ አብሮ ይቁም፤ እንደ ረዳት ብቻ አይደለም፣ እጁም ይግባበት። ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሣ፤ ታሞ የተኛ ሰው «እሺ» ያለው በይሉኝታ ሊሆን ስለሚችል ፈቃዱን ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው ይጠይቅ። ማታ ማታ ለሃያ ደቂቃ ሁለቱም ወገኖች ይቀመጡ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ከፍ ያለ ኦፕራሲዮን አይኑር። ጥያቄው የሚበዛው ያኔ ነው፤ «አንድ ብቻ፣ ከሩቅ መጥታ» ይባላል። ደረጃ 5 ላይ የተፈረመው ገጽ ለዚህ ቀን ነው የተጻፈው።

ደረጃ 10፦ ርክክብና ከዚያ በኋላ

የታከሙት ሁሉ ስም፣ የተሠራው ሥራ፣ የስልክ ቁጥር (የራሱ ከሌለው የጎረቤት)፣ የቀጠሮ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአንድ መዝገብ ይስፈር፤ መዝገቡ ሆስፒታሉ ይቅር። ከተረካቢው ሐኪም ጋር በየአልጋው እየዞሩ ይረካከቡ። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት፤ ሐኪሙ የቁስል ፎቶ ሲልክ ከቡድኑ በዚያ ቀን የሚመልሰው ማን እንደሆነ የተራ ሰንጠረዥ ይውጣ። ስምና ፊት ግን ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ሠላሳኛው ቀን ላይ ሆስፒታሉ እየደወለ እንዲጠይቅ የስልክ ካርድ ወጪውን እናንተ ቻሉ።

ከተመለሱ በኋላ ሪፖርት ይጻፍ። ስንት ሰው ታከመ የሚለው በሁለተኛው ገጽ ይምጣ፤ በመጀመሪያው ገጽ የሞተ ካለ፣ ቁስሉ ያመረቀዘበት፣ ዳግም ኦፕራሲዮን የሆነ፣ ጠፍቶ የቀረ ይዘርዘር። ሪፖርቱን ከለጋሾቹ በፊት ሆስፒታሉ ያንብበው፤ የራሱንም አስተያየት ይጨምርበት። የሚቀጥለው ዓመት ትኬት የሚቆረጠው ያን አስተያየት ካነበቡና ሆስፒታሉ በራሱ ደብዳቤ «ተመለሱ» ብሎ ከጻፈ ብቻ ነው። «ገንዘቡን ብቻ ላኩልን፣ እኛው እንሠራዋለን» ብሎ ከጻፈም ይላኩለት።